ሁለት መቶ ዐሥር እና ሃምሳ አምስት ቀን

የካቲት 14 ቀን 2017፣ ዓርብ

ይህ ደብተር የወጪ ደብዳቤ መመዝገቢያ ነበር። ሥራው ሁሉ ወደ ኮምፒውተር ከገባ ወዲህ የሚከፍተው ሰው የለም። ከዛሬ ጀምሮ የእኔ ነው። ዐሥራ አራት ዓመት መዝገብ ቤት የሠራ ሰው አንድ ነገር ያውቃል፤ ወረቀት የሚደበቀው ወረቀት መሀል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ሳምንት እንግዶች በተገኙበት ስብሰባ ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ። መተኛት ብቻ ቢሆን ደግ፤ አንኮራፋሁ። ኃላፊያችን ወይዘሮ ጽጌሬዳ "ጌታነህ፣ ስኳርህን ብትታይ ይሻልሃል" አሉኝ። ሄድኩ። ስኳር የለብኝም። ሐኪሟ ግን በቀላሉ አለቀቀችኝም። ዶክተር ሰሊሆም ትባላለች፤ ዕድሜዋ ከታናሽ እህቴ ያንሳል። ይደክምዎታል? ይነጫነጫሉ? ከባለቤትዎ ጋርስ እንዴት ናችሁ? ጣራውን ማየት ጀመርኩ።

"ልጅ አላችሁ?"

"ስድስት ዓመታችን ነው፤ እግዜር አልሰጠንም።"

"ተመርምራችኋል?"

"እሷ ሦስት ጊዜ ተመርምራለች።"

"እርስዎስ?"

"እኔማ ጤነኛ ነኝ" አልኳት። እንዲህ ብዬ መመለሴን አሁን ስጽፈው ነው በደንብ የሰማሁት።

ሁለት ቀን በማለዳ ደም ሰጠሁ። የወንድ ሆርሞን የሚባለው፣ ቴስቶስትሮን፣ ቢያንስ ሦስት መቶ መሆን ሲገባው የእኔ ሁለት መቶ ዐሥር ነው። መድኃኒት ይሰጠኝ አልኩ። "ልጅ ለሚፈልግ ሰው መድኃኒቱ ራሱ እንቅፋት ይሆንበታል" አለችኝ። "መጀመሪያ ሆድዎን፣ እንቅልፍዎን፣ ቢራዎንና መቀመጥዎን እናስተካክል። ለፋሲካ ሰሞን እንደገና እንለካለን።"

አርባ አንድ ዓመቴ ነው። ወረቀቱን አጥፌ የሱሪዬ የኋላ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። ቤት ስገባ ሚስቴን ልክነሽን "ስኳር የለብህም አሉኝ" አልኳት። ይህ ውሸት አይደለም።

የካቲት 16፣ እሑድ፣ ቅበላ

ሰፈሩ በሙሉ ሥጋውን እየተሰናበተ ነው። እኔ የተደሰትኩት በሌላ ምክንያት ነው። ከነገ ጀምሮ ሃምሳ አምስት ቀን ጾም ነው፤ ባልና ሚስት መኝታ የሚለዩበት። ሃምሳ አምስት ቀን ሙሉ ከእኔ ምንም የሚጠብቅ ሰው የለም። በዕድሜዬ ጾምን እንደ ዘመድ የተቀበልኩት ዘንድሮ ነው።

"ምን አስፈገገህ?" አለችኝ ልክነሽ።

"ጾሙ መግባቱ።"

ትክ ብላ አየችኝና የሚታጠቡ ልብሶቼን ሰብስባ ወጣች።

የካቲት 18፣ ማክሰኞ

ዛሬ መሥሪያ ቤት ወረቀቱ ትዝ ሲለኝ ላብ አጠመቀኝ። ሱሪው ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተተኩሶ ነው የለበስኩት። እጄን ኪሴ ብከት ወረቀቱ አለ፤ አልራሰም፤ ጫፉ እንኳ አልተጨማደደም። ሰው ተአምር ሲባል ይስቃል።

የሥራ ባልደረባዬን አሞጽን አማከርኩት። በእርግጥ "አንድ ዘመዴ" ብዬ ነው።

"ዘመድህ ሆዱ ምን ያህል ነው?" አለና ሆዴን አየ።

"መካከለኛ።"

"ወገቡ ላይ ቀበቶ ይታያል ወይስ አለ ተብሎ ይታመናል?"

አሞጽ ጴንጤ ስለሆነ አይጾምም፤ ምሳውን ዓሳ ጥብስ አስቀርቦ ፊት ለፊቴ እየበላ ነው የመከረኝ። ስልክ ሱሪ ኪስ ውስጥ አይያዝ። ውሃ በፕላስቲክ አይጠጣ። ከሁሉም በላይ ተልባ! ተልባ ወንድን ያለዝባል፤ በቪዲዮ አይቷል።

ልክነሽ ጾም በገባ ቁጥር በየቀኑ የምታቀርብልኝ ተልባ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ!

የካቲት 22፣ ቅዳሜ

ተልባውን ጓሮ ያለው ፓፓያ ሥር እያፈሰስኩ ነው። ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ዛሬም። ልክነሽ ብርጭቆው ባዶ ሆኖ ስታይ "ወደድከው መሰለኝ፣ ልጨምርልህ?" ትለኛለች። ትጨምርልኛለች። ፓፓያውም ይጠጣል።

ትናንት ውሃ በቅል ይዤ ቢሮ ገባሁ። ወይዘሮ ጽጌሬዳ ቅሉን አይተው ስኳሬን በድጋሚ ጠየቁኝ።

የካቲት 25፣ ማክሰኞ

መሮጥ ጀመርኩ። ሐኪሟ "በእግርዎ ይሂዱ" ነበር ያለችኝ፤ እኔ ግን እስከ ፋሲካ ብቻ ነው ጊዜ ያለኝ፤ በመሄድ አይደርስም። ሚስጥሩን ለመጠበቅ ልክነሽን "በዚህ ጾም ኪዳን ሳላደርስ አልውልም" አልኳት። ከንጋቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነጠላዬን ለብሼ ወጣሁ። ከታችኛው ሰፈር ከሲቀላ እስከ ላይኛው ሴቻ፣ ዳገቱ አናት ድረስ። ዐሥራ አራት ዓመት በባጃጅ የወጣሁት መንገድ ይህን ያህል ቀጥ ያለ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ነጠላው እግሬ ላይ እየተጠመጠመ አስቸገረኝ። ልምምድ የሚሠሩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በአጠገቤ ሲያልፉ አንዷ "አባባ፣ ማን እያባረረዎት ነው?" አለችኝ።

ልመልስላት ፈልጌ ነበር፤ ትንፋሽ አጣሁ።

የካቲት 30፣ እሑድ

አክስቴ አበቡ ትናንት ከትውልድ አገራችን ከገረሴ ለገበያ ወርዳ እኛ ዘንድ አደረች። የአባቴ እህት ናት፤ የቤተ ዘመዱ ነገር ሁሉ በእሷ አፍ ነው የሚያልፈው። ጓዳ ውስጥ ከልክነሽ ጋር ሽንኩርት ሲልጡ ድምፅዋ ይሰማኛል።

"ጠበሉን በባዶ ሆድ ነው የጠጣሽው?"

"አዎ፣ አክስቴ።"

"እናትሽ ስንት ወልዳለች?"

"ሰባት።"

"እንግዲህ ከየት መጣ ይሄ?"

 እኔ ሳሎን ተቀምጬ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ጨመርኩ። ዜናው ስለ ሙዝ ምርት ነበር።

አክስቴ ስትሄድ በር ላይ እጄን ያዘችና "ከፋሲካ በኋላ ዘመድ ተሰብስቦ ይቆርጣል። አባትህ ካፈረ እኔ እናገራለሁ። ሌላ ሴት አይጠፋም" አለችኝ።

"እስቲ ይታሰባል" አልኳት።

እስቲ ይታሰባል! ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ነበር። ሳሎን ሳለሁ ተቀምጬበት ነበር። ምን ይባላል እንዲህ ያለ ሰው?

መጋቢት 4፣ ሐሙስ

ሐኪሟ ዘንድ ሄድኩ። ስለ ተልባው ነገርኳት። እርሳሱን አስቀመጠች።

"ተልባ ምንም አላደረገዎትም። የት ነው የሚያፈሱት?"

"ፓፓያ ሥር።"

"ስልኩንስ ምን አደረጉት?"

"መሳቢያ ውስጥ ቆልፌበታለሁ።"

የምበላውን ጠየቀችኝ። ጾመኛ ነኝ፤ እስከ ሰባት ሰዓት እህል በአፌ አይዞርም አልኩ። ከዚያስ? ከዚያማ ሻይ በቦምቦሊኖ። ስንት? አራት፣ አንዳንዴ አምስት። ከዚያ ለስላሳ፣ የድንች ጥብስ፣ ማታ ከጓደኞቼ ጋር ሁለት ሦስት ቢራ። ቢራ የጾም ነው ስላት ጽፋ ጨረሰች።

"አቶ ጌታነህ፣ ጾሙ አይደለም የጎዳዎት። እስከ ሰባት ሰዓት ያልበሉትን ከሰባት ሰዓት በኋላ እየተበቀሉት ነው። ሽሮ፣ ምስር፣ ሽፈራው፣ አቮካዶ ይብሉ። በጊዜ ይተኙ። ደግሞ ማንኮራፋቱን በቀላሉ አይዩት፤ እንቅልፉ ከተሰባበረ ሆርሞኑም አይጠገንም። በጎንዎ ይተኙ። በእንቅልፍዎ ትንፋሽዎ ይቆም እንደሆነ ባለቤትዎን ይጠይቋት።"

ልክነሽን ምን ብዬ እጠይቃታለሁ?

መጋቢት 9፣ ማክሰኞ

መከራ በመከራ ላይ። ጎረቤታችን ወልደሥላሴ፣ የጽዋ ማኅበራችን ጸሐፊ፣ ከሳምንታት ጀምሮ በየንጋቱ ነጠላዬን ለብሼ ስወጣ ያየኛል። ትናንት ማኅበሩ ተሰብስቦ እኔ በሌለሁበት ሙሴ አድርገው መረጡኝ። ሙሴ ማለት የማኅበሩ ሰብሳቢ ነው። ወልደሥላሴ ዓይኑ እንባ አቅርሮ "ዝም ብሎ የሚጸልይ ሰው እንዳለን አላወቅንም ነበር" አለኝ።

ልክነሽ አጠገቤ ነበረች። "እውነት ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ላቡ በጀርባው ይንቆረቆራል፤ ስግደት ያበዛል መሰለኝ" አለች። ፊቷ ላይ ፈገግታ አልነበረም። ሰው የምታምነውን ሚስት እንዴት ያታልላል? ስኒከሬን ደግሞ አጥባልኝ ነበር፤ ምንም አልጠየቀችኝም።

መጋቢት 15፣ ሰኞ

ቀበቶዬ ሁለት ቀዳዳ ገባ። ቢራ ካቆምኩ ዐሥር ቀን አለፈኝ።

በቤታችን የድንች ጥብስ የሚባል ነገር ጠፍቷል። በእሱ ፋንታ በየቀኑ የበቆሎ ድብልብሉ ኩርኩፋ በሽፈራው ቅጠል፣ ከጎኑ የቃሪያ ዳጣ። "ዘይት ተወደደ" አለች ልክነሽ። ደግሞ ሌሊት ጎኔን ገፋ እያደረገች በጎኔ ታስተኛኛለች። ቦታ ጠቦባት ይሆናል። መኝታ ለይተን ግን ፍራሽዋ ያለው ክፍሉ ማዶ ነው፤ ለዚያ ብላ ተነስታ ትመጣለች ማለት ነው? አልገባኝም።

ትናንት ጨንቻ ስላለችው እናቷ ስታወራኝ ሙሉውን ሰማሁ። አልተኛሁም። ልክነሽ መሀል ላይ ቆም ብላ "ነቅተሃል?" አለችኝ። ለካ ስንት ጊዜ ለራሷ ስታወራ ኖራለች።

መጋቢት 20፣ ቅዳሜ

አባቴ ደወለ። በጋሞኛ፣ እንደ ልማዱ እየጮኸ። "የመጪው ቅዳሜ ዱቡሻ እንቀመጣለን። ታላቅ ልጅ ነህ፤ ሳትቀር ና።" ስለ ምን እንደሆነ ጠየቅኩ። "ስትመጣ ትሰማለህ" ብሎ ዘጋው።

ዱቡሻ እኛ አገር ሽማግሎች በድንጋይ ወንበር ተቀምጠው ነገር የሚያዩበት አደባባይ ነው። እዚያ ውሸት አይነገርም። ሰው የሠራውን ነውር ደብቆ ከያዘ ነገሩ ጎሜ ይሆናል፤ በከብቱ፣ በማሳው፣ በቤቱ ይወጣል፤ እስኪናገረው አይለቀውም። ልጅ ያልወለደ ቤት ሲኖር ሽማግሌ መጀመሪያ የሚጠይቀው ማን ምን ደበቀ ብሎ ነው።

አውቀውብኛል።

መጋቢት 24፣ ረቡዕ

እንቅልፍ የለም። ማን ነገራቸው? አሞጽ? ሐኪሟ? "ዘመዴ" አልኩ እንጂ ስም አልጠራሁም። ዳገቱን ሁለቴ ሮጥኩት። ቦምቦሊኖ በላሁ። አንድ። እሺ፣ ሁለት።

መጋቢት 29፣ ሰኞ

ከመዝገብ ቤቱ መደርደሪያ ጀርባ ቁጭ ብዬ ነው የምጽፈው። ረጅም ነው፤ ግን ሁሉም መጻፍ አለበት።

ቅዳሜ ገረሴ ደረስኩ። ሽማግሎቹ ከዛፉ ሥር በየድንጋያቸው ተቀምጠዋል፤ አባቴ ኤርጫፎ በቀኝ፣ ጎረቤቱ ካሱ በግራ። ሴቶቹ ከአጥሩ ወዲያ ቆመዋል፤ አክስቴ አበቡ ከፊት። ሰብሳቢው አባ ሕዝቅኤል መረቁና "በሆዱ ነገር የያዘ ሰው ካለ ያውጣ" አሉ። ይህ የመክፈቻ ቃል ነው፤ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። ግን ዓይናቸው እኔ ላይ ነበር። ወደ እኔ አቅጣጫ ጭምር በአገጫቸው አመለከቱ። (በኋላ እንደገባኝ፣ ከኋላዬ የአንዱ ሰው በሬ ተፈትቶ ኖሮ ያዙት ማለታቸው ነበር።)

ተነሣሁ። 

"ጎሜው የእኔ ነው" አልኩ።

ከዚያ በኋላ አፌን የሚይዘው አልተገኘም። ቢራውን ተናገርኩ። ቦምቦሊኖውን ተናገርኩ፤ ቁጥሩን ጭምር። በእግር ለሚደረስ መንገድ ባጃጅ መሳፈሬን፣ ስብሰባ ላይ ማንኮራፋቴን፣ ኪዳን አደርሳለሁ ብዬ ሚስቴን ዋሽቼ በነጠላ መሮጤን፣ በዚያም ውሸት ሙሴ መባሌን። ደም ሰጥቼ ሁለት መቶ ዐሥር መውጣቱን። ትንሹ ሦስት መቶ እንደሆነ ስነግራቸው አንድ ሽማግሌ ከንፈራቸውን መጠጡ።

"ስድስት ዓመት ሙሉ ሚስቴ ተመረመረች፤ ሦስት ጊዜ። ጠበል ጠጣች። እዚህ ስትመጣ አጎንብሳ ገባች፤ አጎንብሳ ወጣች። እኔ አንድም ቀን ልመርመር አላልኩም። የእኔ መሆኑን ካወቅኩ በኋላ እንኳ አክስቴ ስትሰድባት የቴሌቪዥን ድምፅ ጨመርኩ።" እዚህ ላይ አለቀስኩ። ሆርሞን ይሁን ሌላ አላውቅም።

በሬው ሳይቀር ጸጥ አለ። አባ ሕዝቅኤል ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ልጄ፣ እኛ የተሰበሰብነው ስለ ውሃ ቦዩ ነው።"

ለካ አባቴና ካሱ በማሳቸው መሀል በሚያልፈው ቦይ ተጣልተው ኖሯል። ታላቅ ልጅ የተጠራው ወሰኑን እንዲያይ ብቻ ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ባመሰገንኩ። አባቴ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይዞ ነበር።

መጀመሪያ የተናገረው ካሱ ነው። "ያቺ ሐኪም፣ ማንኮራፋትም ታያለች?" አለ።

"ታያለች" አልኩ።

"ስሟን ጻፍልኝ።"

ከዚያ ሌላው ስለ ወገቡ ጠየቀኝ። አንዱ ልጁ አዲስ አበባ ሆኖ ሆዱ እንደገፋ ነገረኝ። የቦዩ ነገር ተረስቶ እኔ መሀል ላይ ቆሜ ስለ ሽፈራውና ስለ እንቅልፍ አስረዳሁ። አባ ሕዝቅኤል ሁሉንም ጸጥ አሰኝተው "ሚስትህ ይህን ታውቃለች?" አሉኝ።

"አታውቅም።"

"እንግዲያው ለእኛ ተናገርክ እንጂ ለነገሩ ባለቤት አልተናገርክም። ነገ ሂድ። የቀረው የእኛ ዕዳ ነው።"

እሑድ ቤት ገባሁ። ልክነሽ ምስር ትለቅማለች። ቁጭ ብዬ "ልክነሽ፣ የምነግርሽ አለ" አልኳት።

"ሁለት መቶ ዐሥር" አለችኝ፣ ቀና ሳትል።

"ማን…"

"ሱሪህን ባጠብኩ ቀን። መልሼ ኪስህ ከተትኩት።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"አንተስ ለምን ዝም አልክ?"

 ሰፌዱን አስቀመጠች።

"ለእኔ ብትነግረኝ ምን ይሆናል ጌቱ? እኔና አንተ እናውቃለን፤ እነሱ ፊት ግን መካኗ እኔ ነኝ። እነሱ ፊት ትናገር እንደሆነ ነበር የምጠብቀው። እስከ ፋሲካ ልጠብቅህ፣ ካልሆነ ጨንቻ እናቴ ቤት ልሄድ ቆርጬ ነበር። ሻንጣው አልጋ ሥር ነው።" አጎንብሼ አየሁ። አለ። "ዛሬ ጠዋት አራት ሰው ደወለልኝ። ገረሴ በሙሉ ያውቃል።"

ከዚያ ማልቀስ ጀመረች፤ እያለቀሰች መሀል ላይ ሳቋ አመለጣት።

"የፓፓያውንስ ተናገርክ?"

"የቱን ፓፓያ?"

"ጉንዳኑ ከሥሩ እስከ ጫፉ ተሰልፎበት፣ የቱን ፓፓያ ትለኛለህ? ስኳር ያለው ተልባ ማን አጠጣው?"

"እሱን አልተናገርኩም።"

"እሱም ጎሜ ነው" አለችና ምስሯን መልቀም ቀጠለች።

ሚያዝያ 1፣ ረቡዕ

ለወልደሥላሴ እውነቱን ነገርኩት፤ ሙሴነቱን መለስኩ። አዘነ። ከዚያ ቀስ ብሎ ስንት ሰዓት እንደምሮጥ ጠየቀኝ።

ልክነሽ ታነጋግረኛለች፤ ግን ሻንጣው ከአልጋው ሥር አልወጣም።

ሚያዝያ 7፣ ማክሰኞ

ሁለት መቶ ሰማንያ ስድስት! ሐኪሟ "ገና ነው፤ ግን መንገዱ ይህ ነው" አለችኝ። ሌላም ምርመራ እንዳለ፣ ልጅ የሁለት ሰው ነገር ስለሆነ ሁለታችን አብረን እንድንመጣ ነገረችኝ። "አብረን እንመጣለን" አልኩ። ወረቀቱን ኪሴ አልከተትኩም፤ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ አስቀመጥኩት። ልክነሽ የስኳር ዕቃው ላይ አስደግፋ አቆመችው።

ሚያዝያ 11፣ ቅዳም ሥዑር

ዛሬ ካህናቱ ቀጤማ የሚያዞሩበት ቀን ነው። ረፋድ ላይ በሩ ሲንኳኳ ልክነሽ የዶሮ ሽንኩርት ላይ ነበረች፤ ለካህናቱ የምትሰጠውን ሳንቲም ይዛ ሄዳ ከፈተች። በሩ ላይ ሦስት ሽማግሎች ቆመዋል፤ እያንዳንዳቸው እርጥብ ሣር በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ልክነሽ ሳንቲሙን ለፊተኛው ዘረጋች። የፊተኛው አባቴ ነበር።

አባቴ ሳንቲሙን አልተቀበለም። ሰባ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ከእነ ሣሩ ደጃፉ ላይ ተንበረከከ። አባ ሕዝቅኤል ተከተሉ። ሦስተኛው ካሱ ነው፤ የቦዩ ጠላት።

"ልጄ፣ በቤታችን ነውር ሠርተንብሻል" አለ አባቴ። "ያልሆንሽውን ብለንሻል። ስለዚህ ሣር ብለሽ ማሪን።"

እኛ ዘንድ ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ሲንበረከክ እምቢ አይባልም። ጦር የመዘዘ ሰው እንኳ ይመልሳል። ልክነሽ ግን የጨንቻ ልጅ ናት፤ ሕጉ እዚያም ያው ነው፤ ከእኛ በላይ ታውቀዋለች። እንባዋ ከሽንኩርቱም ከሌላውም እየወረደ ቆማ አየቻቸው።

"እሱስ?" አለች፣ ወደ እኔ ዞራ።

ሮጬ ወጣሁ። ከአባቴ አጠገብ ተንበረከክሁ። ካሱ ከሣሩ ግማሹን አካፈለኝ። ሆዴ ባይጎድል ኖሮ እንዲህ በቀላሉ አልወርድም ነበር።

"ምሬያለሁ፤ ተነሡ" አለች። "ዶሮው እንዳያርርብኝ።"

ማታ አልጋ ሥር አየሁ። ሻንጣው ቁም ሣጥን ላይ ወጥቷል፤ ባዶውን።

ሚያዝያ 13፣ ሰኞ

አልሮጥኩም። አባቴ ለበዓሉ እኛ ዘንድ ስለሆነ ሳሎን ነው የሚያድረው፤ ገና ሳይነጋ ተነሥቶ ኖሮ በመኝታ ቤታችን በር በኩል "ጌታነህ፣ ዛሬ አትሮጥም እንዴ?" ብሎ ጮኸ።

"ዛሬ አይሮጥም፣ አባባ" አለች ልክነሽ ከውስጥ።

ሚያዝያ 16፣ ሐሙስ

አባቴ የእኔም ካልተለካ አልሄድም ብሎ ትናንት ደም ሰጥቶ ነበር። አራት መቶ ዘጠና። ሰባ ስድስት ዓመቱ! ሐኪሟ ምን እንደሚበላ ጠየቀችው፤ ቆጮ፣ ጎመን፣ ሽፈራው። ሲመሽ ይተኛል፤ ማሳው ዳገት ላይ ነው። ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልሎ፣ ለካሱ የሚያሳየውን እያሰበ፣ በጠዋት ሚኒባስ ተሳፈረ።

ከሰዓት በኋላ አክስቴ አበቡ ደወለች። ለእኔ አይደለም፤ ለልክነሽ። ሳሎን ነበርን። ልክነሽ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አድርጋ ድምፁን ለቀቀችው።

"ልጄ፣ የአባትየው ስንት እንደወጣ ሰማሽ?" አለች አክስቴ። "የልጁ ነገር እንግዲህ… ምን ይደረግ። አንቺ ደህና ነሽ፤ አንቺ ምንም የለብሽም። ታገሺው። ይሻለዋል። ጥለሽብን እንዳትሄጂ።"

ልክነሽ ዓይኖቿ እኔ ላይ ናቸው።

"አልሰማሁም፣ አክስቴ" አለች። "መስመሩ ይቆራረጣል። እስቲ ይድገሙልኝ።"

አክስቴ ደገመችው፤ ጮክ ብላ። የቴሌቪዥኑ መቆጣጠሪያ እጄ ላይ ነበር። አልነካሁትም።